ሰሊጥ በአንድ ጎን ብቻ

ኢንጂነሩ ካገባ ሦስት ዓመት ሆኖታል፤ በእነዚህ ሦስት ዓመታት አማቱ አንድም ቀን ሰድበውት አያውቁም። ለሌላ አማች ይህ ስለት የሚገባለት ዕድል ነው። ለእሱ ግን የእግር እሳት ሆኖበታል።

ነገሩ እንዲህ ነው። የሚስቱ አባት የዳቦ ቤት ባለቤት ናቸው፤ የሚወዱትን ሰው ደግሞ በስሙ ጠርተው አያውቁም። ሃያ ዓመት አብሯቸው ምድጃ ፊት የቆመው ጋጋሪ «ጅሉ» ነው። ባንኮኒው ላይ ሆነው የሚሸጡት ታናሽ እህታቸው «ምላሳሟ» ናቸው። የኢንጂነሩ ሚስት ከሕፃንነቷ ጀምሮ «ነገረኛዋ» ስትሆን፣ በሠርጓ ዕለት ሽማግሌው እንባቸውን እየጠረጉ «ነገረኛዬን ወሰዷት» ማለታቸውን ታዳሚው ሁሉ ሰምቷል። የዱቄት መጋዘኑ ድመት እንኳ «ሌባዋ» ትባላለች፤ በቀን ሁለቴ ወተት ይቀርብላታል። ማዕረግ የተሰጠው አንድ ሰው ብቻ ነው። «ኢንጂነር፣ እንደምን ዋሉ? ይቀመጡ እንጂ!» ይሉና ባንኮኒው አጠገብ ያለችውን አንዲት ወንበር በመሐረባቸው ጠርገው ያቀርቡለታል። እሳቸው ሲጠርጉ፣ እሱ ሲቀመጥ ሦስት ዓመት አለፈ። እንግዳ ማለት እንግዲህ ይኸው ነው።

«አባዬ የሚወደውን ነው የሚሰድበው» ትለዋለች ሚስቱ። «ታገሥ፤ አንድ ቀን ይሰድብሃል።»

ለዳቦ ቤቱ ድረ ገጽ የሠራላቸውም፣ እውነቱን እንናገር ከተባለ፣ ስድብ ፍለጋ ነው። ደንበኛው ቤቱ ቁጭ ብሎ የሚፈልገውን ዳቦ በስልኩ ይመርጣል፤ ብዛቱን ይናገራል፤ «ማሳሰቢያ» በምትል ሳጥን ውስጥ ያሻውን ይጽፋል። ትዕዛዙ ሩቅ አገር ወዳለ ሰርቨር ሄዶ፣ ከዚያ ተመልሶ ምድጃው ክፍል ግድግዳ ላይ ወደተሰቀለች ትንሽ ፕሪንተር ይመጣል። ፕሪንተሯ ክርር ብላ ቁራጭ ወረቀት ትተፋለች። ጅሉ ወረቀቱን አንብቦ ይጋግራል፤ ሲጨርስ ሚስማር ላይ ይሰካዋል። ከዚያ በፊት የነበረው ዱቄት የጠገበ ደብተርና ከሽማግሌው ጆሮ ጀርባ የማይጠፋ እርሳስ ነው።

ድረ ገጹ አራት ወር ያለ ችግር ሠራ። ከዚያ አንድ ቅዳሜ ጉድ ፈላ። አንዲት የሰፈር ሴት ለልጇ ምርቃት መቶ ሃያ ዳቦ አዝዛ ኖሮ፣ ሦስት ዘንቢልና ሁለት እህቶች ይዛ መጣች። አንድም ዳቦ አልተጋገረም። ድረ ገጹ አምሮበት ተከፍቷል፣ ትዕዛዟን ተቀብሏል፣ «እናመሰግናለን» ብሎም ሸኝቷታል፤ ዳሩ ግን ትዕዛዝ ወደ ፕሪንተሯ የሚያደርሰው ፕሮግራም ከዓርብ ከሰዓት በኋላ ጀምሮ አንቀላፍቶ ነበር። ሴትዮዋ ባንኮኒው ፊት ቆማ አፏ ያመጣላትን ሁሉ ተናገረች። ሽማግሌው አንገታቸውን ደፍተው ሰሟት።

ኢንጂነሩን ያናደደው ደግሞ ሌላ ነው። ድረ ገጹ የጤና መጠየቂያ ነበረው። ሌላ ቦታ ያለ አንድ ጠባቂ ፕሮግራም በየአሥር ደቂቃው እየመጣ አንዲት አድራሻ ያንኳኳል፣ «ደህና ነህ?» ይላል፣ ድረ ገጹም «ደህና!» ይላል። መልሱ ካልመጣ የኢንጂነሩ ስልክ ይጮሃል። ያቺን አድራሻ የጻፋት ራሱ ነው፤ በአንድ መስመር፤ ምሳ ሰዓት ሊደርስ ሲል። ትንፋሽ እስካለው ድረስ «ደህና» እንዲል ብቻ ነው ያስተማረው። ያን ቅዳሜም እጅና እግሩ ታስሮ «ደህና፣ ደህና» እያለ ዋለ።

ሽማግሌው ቢቆጡት ኖሮ ይቀለው ነበር። አልተቆጡም። ወንበሯን ጠርገው አስቀመጡት።

«ኢንጂነር፣ አይጨነቁ፤ ሰው ነዎት» አሉት። «አንድ ወር እንየውና፣ ዳግመኛ ካንቀላፋ እኔም ወደ ደብተሬ እመለሳለሁ። እርስዎም ሥራ ይበዛብዎታል፤ ከዚያ ወዲያ እዚህ ድረስ አይድከሙ።»

«አይድከሙ» የሚለው ቃል ወሽመጡን ቆረጠው። በጨዋ ደንብ በር ሲዘጋ ይኼን ይመስላል። ከዚያ ቤት የሚያገናኘው አንድ ድረ ገጽ ብቻ ነው፤ እሱ ከሞተ በዓመት ሁለት ጊዜ መጥቶ የሚጠረግለት ወንበር ላይ የሚቀመጥ ሰው ሆኖ ሊቀር ነው። 

በማግስቱ እሑድ ሳሎኑ ወለል ላይ ተዘርግቶ አዲስ የጤና መጠየቂያ መሥራት ጀመረ። ከእንግዲህ «ደህና ነህ?» ብሎ በር ላይ መመለስ የለም። ጠባቂው ራሱ ከጠዋቱ አሥራ ሁለት እስከ ማታ አሥራ ሁለት ሰዓት በየአሥር ደቂቃው እንደ ደንበኛ ገብቶ አንድ ትንሽ ዳቦ ያዝዛል፤ ትዕዛዙ ሰርቨሩን አልፎ፣ አንቀላፊውን ፕሮግራም ረግጦ፣ እስከ ፕሪንተሯ ይደርሳል። ፕሪንተሯ «ደርሶኛል፣ አትሜያለሁ» ካለች ሁሉም ደህና ነው፤ ትዕዛዙም ማንም ሳያየው ከመዝገቡ ይሰረዛል። ካላለች ስልኩ ይጮሃል። ይኼ ነው ጤና መጠየቅ!

የሙከራው ትዕዛዝ ከሰው ትዕዛዝ ጋር እንዳይምታታ ግን ምልክት ያስፈልገዋል። ማንም ጤነኛ ሰው የማያዝዘው ነገር ምንድን ነው ብሎ አሰበ። ከዳቦ ቤት ተጋብቶ ሦስት ዓመት ሲኖር ሰምቶት የማያውቀው አንድ ነገር መጣለት፤ ማሳሰቢያው ሳጥን ውስጥ «ሰሊጥ በአንድ ጎን ብቻ» ብሎ ጻፈ። ይኼ ማሳሰቢያ ያለበትን የአንድ ዳቦ ትዕዛዝ ፕሮግራሙ እንዲሰርዘው አደረገ። ለፕሪንተሯም «ይኼ ለሙከራ ነው፤ ወረቀት አታውጪ» የምትል ትዕዛዝ ጨመረላት።

ከመሥሪያ ቤቱ የተዋሳትን አሮጌ ፕሪንተር ሰክቶ ሞከረው። «አትሜያለሁ» አለች። ወረቀትም አላወጣችም። ሃያ ጊዜ ሞከረ፣ ሃያ ጊዜ «አትሜያለሁ» አለች፣ አንድም ወረቀት አልወጣም። ደስ አለውና ሚስቱን ጠርቶ አሳያት። ፕሪንተሯ ውስጥ መጀመሪያውኑ ወረቀት አለመኖሩን ሁለቱም ልብ አላሉም።

ሰኞ ጠዋት አዲሱ የጤና መጠየቂያ ሥራ ጀመረ። የኢንጂነሩ ስክሪን ላይ አረንጓዴ መብራት በራ፤ እንደበራም ቀረ። ዳቦ ቤቱ ውስጥ የሆነውን ግን ያወቀው ከወር በኋላ ጅሉ ሲያጫውተው ነው።

ሰኞ ጠዋት ልክ አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ፕሪንተሯ ክርር አለች። ጅሉ ወረቀቱን ቀደደና ሁለቴ አነበበው።

«ጋሼ፣ አንድ ትንሽ ዳቦ፣ ሰሊጥ በአንድ ጎን ብቻ ይላል። ስም የለውም።»

«በአንድ ጎን?» አሉ ሽማግሌው። «ምናልባት ለሁለት ሊካፈሉት ይሆናል። ጋግር፣ ምን አገባህ!»

ከአሥር ደቂቃ በኋላ ደግሞ ክርር አለች። አንድ ትንሽ ዳቦ፣ ሰሊጥ በአንድ ጎን ብቻ። ከዚያም ደግሞ። እንዲህ ያለው ዳቦ ከሌላው ጋር ተደባልቆ አይጋገር፤ ጅሉ በየአሥር ደቂቃው ሊጥ እየቆረጠ፣ የዳቦውን እኩሌታ በመዳፉ እየከለለ ሰሊጥ ሲነሰንስ ዋለ። ቀትር ላይ ሠላሳ ስድስት ዳቦ መስታወቱ ሣጥን ውስጥ ተደርድሯል። ሊወስድ የመጣ አንድም ሰው የለም። ባንኮኒው ላይ ባለው ስክሪን ቢፈልጉትም ትዕዛዙ የለም።

መጀመሪያ የገባቸው ምላሳሟ ናቸው። «ወንድሜ» አሉ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ «ይኼ የሚበላ ሰው አይደለም። ይኼ የሚፈትን ሰው ነው።»

በዚያ ቤት ውስጥ የፕሮግራሙን ዓላማ በትክክል የተረዱ እሳቸው ብቻ ነበሩ ማለት ይቻላል። ሽማግሌው ግን ይህን ሲሰሙ ፊታቸው የሚያቦኩትን ዱቄት መሰለ። ወንበር ስበው ተቀመጡ። «ቁጥጥር ነው» አሉ በሹክሹክታ። «የሚዛን ቁጥጥር።»

ሽማግሌው አንድ ኃጢአት ነበረባቸው፤ እህታቸውም ጅሉም ያውቁታል፣ ሦስቱም አንስተውት አያውቁም። ትንሹ ዳቦ መቶ ግራም ነው ተብሎ በራፉ ላይ ተጽፏል። ሚዛን ላይ ሲወጣ ዘጠና ነው። አሥራ ሁለት ዓመት ሙሉ ዘጠና ነው።

«በየአሥር ደቂቃው ያዘዘው፣ አንዱ ከአንዱ ይለያይ እንደሆነ ለማየት ነው» አሉ ሽማግሌው። «ሰሊጡም የታዘዝነውን እንፈጽም እንደሆነ ሊያይ ነው። አንድ ቀን ድንገት ገብቶ ሁሉንም ይመዝናል። እንግዲህ ማንም ትንፍሽ እንዳይል። ያወቅን መምሰል የለብንም። በተለይ ኢንጂነር እንዳይሰሙ፤ እንግዳ ፊት ገበናችንን አናወጣም!»

ከዚያች ቀትር ጀምሮ ትንሹ ዳቦ መቶ ግራም ሆነ። ሰሊጥ ያለበትም የሌለበትም።

ኢንጂነሩ በየእሑዱ ሲመጣ ለውጡን እያየ ይገረም ነበር። በመጀመሪያው እሑድ ግድግዳው ነጭ ቀለም ተቀብቷል። በሁለተኛው ሁሉም ነጭ ቆብ ደፍተዋል፤ ምላሳሟ ጸጉራቸውን ሠርተው ቆቡ አልገባ ብሏቸው ጭንቅላታቸው ላይ እንደ እንቁላል ተቀምጧል። ሌባዋ ድመት ዕቃዋ ተጠቅልሎ ወደ ምላሳሟ ቤት ተዛውራለች። በሦስተኛው እሑድ ሽማግሌው ራሳቸው ሃያ ዓመት ያሳደጉትን ሪዛቸውን ተላጭተው ጠበቁት። ደጃፉ ላይ ደግሞ ሰልፍ አለ። ዳቦው ወፍሯል እየተባለ ከሌላ ሰፈር ሳይቀር ሰው ይመጣል።

«ድረ ገጹ ነው» አለ ኢንጂነሩ ለሚስቱ፣ ደረቱ ተነፍቶ። «ቤቱን እንዴት እንዳነቃቃው አየሽ?»

«ሪዙንም ድረ ገጹ ነው ያስላጨው?» አለች ነገረኛዋ።

በዚያው እሑድ ሽማግሌው ወንበሩን ከጠረጉለት በኋላ ጎንበስ ብለው ጠየቁት። «ኢንጂነር፣ አንድ ሰው ማንነቱን ደብቆ በዚህ ማሽን ማዘዝ ይችላል?»

«ይችላል።»

«እርስዎ ቢፈልጉስ፣ ማን እንደሆነ ማወቅ ይችላሉ?»

ኢንጂነሩ ሽማግሌው ስለ ደንበኞቻቸው ምስጢር የተጨነቁ መሰለው። «በፍጹም!» አለ አፉን ሞልቶ። «እኔ ራሴ እንኳ አላውቅም። በዚህ በኩል ሐሳብ አይግባዎት።»

ሽማግሌው በረጅሙ ተነፈሱ።

በቀን ሰባ ሁለት ዳቦ የሚሄድበት ቦታ ሌላ ጣጣ ነበር። ሲዘጋ ጅሉ በጆንያ ተሸክሞ ወደ ቤቱ ይወስደዋል። በመጀመሪያው ሳምንት ልጆቹ ተደሰቱ፤ በሁለተኛው ጎረቤቶች ተደሰቱ፤ በሦስተኛው የግቢው ዘበኛ ጅሉን ከሩቅ ሲያየው መደበቅ ጀመረ። በአራተኛው ሚስቱ «ሌላ ዳቦ ይዘህ ከመጣህ እዚያው ምድጃህ ላይ ተኛ» አለችው። ሳይሰለቹ የቆዩት ከምድር ቤት የሚኖሩ አንዲት ጡረተኛ የሒሳብ መምህርት ብቻ ናቸው።

ወሩ የሞላ ዕለት ኢንጂነሩ ሚስቱን ከሥራ ቦታዋ አንስቶ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ዳቦ ቤቱ ደረሰ።  አረንጓዴው መብራት አንድም ቀን አልጠፋም፤ ቢሆንም የሰው ፊት ስክሪን አይደለም። ሽማግሌው ነጭ ካፖርታቸውን እስከ አንገታቸው ቆልፈው ባንኮኒው ጀርባ ቆመዋል። ደብተሩ ፊታቸው ነው።

«ኢንጂነር» አሉ፣ «ማሽንዎ ወር ሙሉ አላንቀላፋም። አንዲት ትዕዛዝ አላመለጠችውም። ቃል ቃል ነው። ይህን ደብተር ዛሬ ለምድጃው እሰጠዋለሁ።»

ሚስቱ ክንዱን ጨበጠችው። ኢንጂነሩ ሊያመሰግን አፉን ሲከፍት በሩ ተገፋና ከሲታ፣ ባለመነጽር፣ ምርኩዝ የያዙ ሴትዮ ገቡ። ጥቁር ቦርሳ በብብታቸው ሸጉጠዋል። ግድግዳውን አዩ፣ ቆቦቹን አዩ፣ «መቶ ግራም» የሚለውን ጽሑፍ አንገታቸውን አዙረው አነበቡ።

«ትዕዛዝ ነበረኝ» አሉ።

«ስም ማን ልበል?» አሉ ምላሳሟ።

«ስም አልጻፍኩም። አንድ ትንሽ ዳቦ ነው። ሰሊጥ በአንድ ጎን ብቻ።»

  ምላሳሟ ስክሪኑን ነካኩ፤ እንዲህ ያለ ትዕዛዝ የለም። ወደ ወንድማቸው ዞረው ራሳቸውን ነቀነቁ።

ሽማግሌው የተፈረደበት ሰው በሚራመደው እርምጃ ወደ መስታወቱ ሣጥን ሄዱና ነጩን ጨርቅ ገለጡት። ስልሳ ሰባት ዳቦ እንደ ተማሪ ተሰልፏል፤ ሁሉም በግራ ራቁታቸውን ናቸው፣ በቀኝ ሰሊጥ ለብሰዋል። ከዚያ ሚዛኑን አንስተው ሴትዮዋ ፊት አኖሩት።

«ይመዝኑ» አሉ። «የፈለጉትን ያንሱ።»

ኢንጂነሩ ዳቦዎቹን አየ። አንድ ጊዜ አየ፣ ዓይኑን አሽቶ ደግሞ አየ። ያቺን ማሳሰቢያ የጻፋት ራሱ ነው።

ሴትዮዋ ግራ ተጋብተዋል፤ ነገር ግን አርባ ዓመት ያስተማረ ሰው ሚዛን ቀርቦለት ሳይመዝን አይሄድም። መነጽራቸውን አስተካክለው አንዱን ዳቦ አስቀመጡ፣ አነበቡ። «መቶ። ጎበዝ!»

ሽማግሌውን የገደላቸው ይህ «ጎበዝ» ነው። ቢቆጧቸው ችለውት ነበር። ቆባቸውን አወለቁ።

«አይበሉኝ» አሉ። «አይገባኝም። መቶ የሆነው ከወር ወዲህ ነው። አሥራ ሁለት ዓመት ዘጠና ነበር። አንድ ክፉ ዓመት መጣ፣ ዱቄት ጠፋ፣ ከእያንዳንዱ ቆንጠር አደረግሁ። ዓመቱ አለፈ፤ እጄ ግን ለመደ። ሌባ ላመሉ ዳቦ ይልሳል ይላሉ፤ እኔ የገዛ ዳቦዬን ላስኩ። ይኸው፣ ይጻፉት።»

ሚስቱ አባቷን አፏን ከፍታ ታያለች። ሴትዮዋ ዳቦውን አገላበጡት።

«ይኼንንማ አውቃለሁ» አሉ። «ጎረቤት እየገዛልኝ አሥራ ሁለት ዓመት የበላሁት የእርስዎን ዳቦ ነው። ወጥ ቤቴ ውስጥ ሚዛን አለ። ዘጠና ነበር፤ አንዳንዴ ሰማንያ ስምንት። ሰሞኑን መቶ ሲሆን ሰውዬው ታመመ ወይስ ንስሐ ገባ ብዬ ነበር።»

ይሄኔ ጅሉ መጋገሪያ ትሪ ይዞ ከምድጃው ክፍል ብቅ አለ። «እንዴ፣ መምህር! ምን እግር ጣለዎት?»

«ሚስትህ ዳቦ በደጄ አይለፍ አለች አሉ» አሉ መምህርቷ። «ያቺን ባለአንድ ጎን ደግሞ ለምጄያታለሁ። ጥርስ የቀረኝ በቀኝ በኩል ብቻ ነው፤ ሰሊጥ በግራ ሲገባብኝ መከራዬ ነው። የልጅ ልጄ በስልክ አዘዘችልኝ።»

ሽማግሌው ከመምህርቷ ወደ ጅሉ፣ ከጅሉ ወደ ዳቦዎቹ አዩ። «ታዲያ… ቁጥጥሩስ?»

 ኢንጂነሩ ወንበሯ አጠገብ እንደቆመ ነው። ዝም አይነቅዝም፣ አለ በልቡ። እውነትም ዝም ቢል ማንም አያውቅበትም። ማሽኑ አልፏል ተብሏል፤ ደብተሩ ወደ ምድጃ ሊገባ ነው፤ ዛሬ ቤቱ ገብቶ ያቺን የሙከራ ትዕዛዝ ቢያጠፋት፣ ስውሩ ደንበኛ በዚያው ውሃ በልቶት ይቀራል። እሱም የተከበረ ኢንጂነር ሆኖ ይኖራል፤ የሚጠረግለት ወንበር ላይ። ግን ሽማግሌው ቆባቸውን በእጃቸው ይዘው፣ ሪዝ በሌለው ፊታቸው ሲያፍሩ አያቸውና አንጀቱ አልቻለም።

«አባባ፣ ቁጥጥር የሚባል የለም» አለ። «እኔ ነኝ።»

ነገራቸው። ጠባቂው ፕሮግራም በየአሥር ደቂቃው እየመጣ ጤና እንደሚጠይቅ፣ ሰሊጡ ከሰው ትዕዛዝ መለያ እንደሆነ፣ ወረቀት እንዳይወጣ ማዘዙን፣ ሳሎኑ ውስጥ የሞከረባት ፕሪንተር ግን ወረቀት የሌላት እንደነበረች። የሚከብደውን ለመጨረሻ አቆየ። «የእኚህ እናት ትዕዛዝም እውነተኛ ነበር። የእኔ ፕሮግራም የሙከራ መስሎት ሰረዘው። ስለዚህ ማሽኑ አላንቀላፋም የሚሉት ትክክል አይደለም። ደብተሩን አያቃጥሉት።»

ልክ እንደጨረሰ ከውስጥ ፕሪንተሯ ክርር አለች። ሁሉም ወደዚያ ዞሩ። ጅሉ ከልምድ የተነሳ ገብቶ ወረቀቱን ቀደደ፣ ቀና ብሎ ማንንም ማየት ፈርቶ አነበበ። «አንድ ትንሽ ዳቦ። ሰሊጥ በአንድ ጎን ብቻ።»

ሽማግሌው ወረቀቱን ተቀብለው ራሳቸው አነበቡት። «በቀን ስንት ነው ይኼ?»

«ሰባ ሁለት» አለ ኢንጂነሩ።

«በሠላሳ ቀን?»

«ሁለት ሺህ አንድ መቶ ስልሳ» አሉ መምህርቷ ዓይናቸውን ሳያርገበግቡ።

የሽማግሌው ፊት ከአንገታቸው ጀምሮ ቀላ። ጆሯቸው ቀላ፣ ግንባራቸው ቀላ፣ ሪዛቸው የነበረበት ቦታ ሳይቀር ፍም መሰለ። ወረቀቱን ጨምድደው ወረወሩትና ጮኹ፤

«አንተ ደነዝ!»

ጅሉ ትሪውን ጣለው። ምላሳሟ ቆባቸው ወደቀ።

«ደነዝ! ወረቀት የሌለው ፕሪንተር ወረቀት አላወጣም ብሎ የሚደሰት ደነዝ! ሪዜን አስላጨኸኝ! ድመቴን አሰደድከኝ! እኔ በፍርሃት ስርድ አንተ እዚያ ወንበር ላይ ተጎልተህ ‹ሐሳብ አይግባዎት› ትለኛለህ? ደነዝ!»

«ሰደበህ!» አለች ሚስቱ በሹክሹክታ፣ ዓይኗ እንባ ሞልቶ። ጅሉም የወደቀውን ትሪ እያነሳ በአጠገቡ ሲያልፍ ትከሻውን ቸብ አደረገው፤ አንድ ሰው ብቻውን ሃያ ዓመት የተሸከመውን ጓዝ የሚያግዘው ሰው ሲያገኝ እንደሚያደርገው። ኢንጂነሩ ሳቅና ለቅሶ ተደባለቀበት።

«አሁኑኑ አጠፋዋለሁ አባባ» አለ እንደምንም።

«ማን አጥፋ አለህ?» ሽማግሌው ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። ሚዛኑ ላይ የተቀመጠችውን ዳቦ አንስተው በመዳፋቸው መዘኗት። «በየአሥር ደቂቃው ይቅር። በቀን አንዴ አድርገው። ሰዓቱን ግን እንዳትነግረኝ፣ ብለምንህም እንዳትነግረኝ። እጄን አውቀዋለሁ፤ የሚጠይቀው ከሌለ ይመለሳል።» ዳቦዋን አስቀመጧትና ጨመሩ። «መጥተህ የምትመዝነው አንተ ነህ።»

«እሺ።»

«የእኚህንም እናት ትዕዛዝ የማይሰርዝ አድርገው። ሌላ ጉድ ፈልግ፤ ሰሊጡ የሳቸው ነው።»

«እሺ።»

መምህርቷ በምርኩዛቸው ወለሉን መታ መታ አደረጉ። «እኔ እስካሁን ዳቦዬን አልተቀበልኩም» አሉ።

«ከነዚህ አንዱን…» ብለው ምላሳሟ እጃቸውን ሲዘረጉ ሽማግሌው ከለከሏቸው። የጠዋት ዳቦ ለእንዲህ ያለ ደንበኛ አይሰጥም። ካፖርታቸውን አውልቀው፣ እጅጌያቸውን ሰብስበው ወደ ምድጃው ክፍል ገቡ፤ ሊጥ ቆርጠው ሚዛን ላይ አኖሩ፣ ቆንጠር አድርገው ጨመሩበት። ኢንጂነሩ ምን እንደሚያደርግ ጠፍቶት፣ ከልምዱ ወደ ወንበሯ አየ። አቧራ አለባት። ዛሬ ማንም አልጠረጋትም።

«ምን ትገተራለህ፣ ደነዝ?» የሚል ጩኸት ከውስጥ መጣ። «ና ሰሊጥ አቀብለኝ!»

ኢንጂነሩ እየሮጠ ገባ።